ሦስተኛው ወታደር ለቅሶ ደረሰ

«ለመሆኑ ማን ፈቀደለት?» አለ አጎቷ።

ጥያቄውን ለማንም አልወረወረም፤ በእጁ የያዘውን ስኒ እያየ ነው የተናገረው። ግን ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ጥያቄው የማን ደጃፍ ላይ እንዳረፈ ያውቃል። በር አካባቢ በለሆሳስ ስለ ቤት ኪራይ ሲያወሩ የነበሩት ሁለት ሴቶች አንገታቸውን አዞሩ። ልብስ ሰፊዋ ከፔርሙዝ ቡና እየቀዳች ነበር። እጇን አላቆመችም። ስኒው እስኪሞላ ጠብቃ፣ ክዳኑን አጥብቃ፣ ስኒውን አሁን ለገባው እንግዳ አቀበለችና ወደ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች።

ለመመለስ አቅም ያስፈልጋል፤ አቅም ደግሞ ወንድሟ ከተቀበረ ጀምሮ ከቤቱ ጠፍቷል። እንቅልፍ አጥታ አይደለም። ትተኛለች፤ እንደ ድንጋይ ትተኛለች። ስትነቃ ግን ጆንያ ስትሸከም ያደረች ይመስል ትከሻዋ ዝሎ ታገኘዋለች። ሰው ይመጣል፤ ትነሳለች። ያቅፏታል፤ ትታቀፋለች። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይሏታል፤ «አሜን» ትላለች። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። የስፌት መኪናዋ ወደ ጥግ ተገፍቶ ጨርቅ ለብሷል፤ እንግዶች ባዶ ስኒያቸውን የሚያስቀምጡት እሱ ላይ ነው። ከሥሩ ያላለቁ የተማሪ ዩኒፎርሞች በፌስታል ታጭቀዋል፤ አንዳንዶቹ አንድ እጅጌ አላቸው፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ የላቸውም።

«ሐኪሙ ነግሮታል» ቀጠለ አጎቷ። «ልብህ ደካማ ነው፤ ሩጫ የለም፣ ኳስ የለም፣ ሸክም የለም፣ ደረጃ የለም ብሎታል። እኔ ራሴ አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። ታዲያ እዚያ ጣሪያ ሥር ድረስ ውጣ ያለው ማን ነው? ለዘፈን ብሎ?»

«ጋሼ፣ ይተዉት በቃ» አለች ጎረቤታቸው ዳቦ ሻጯ።

«ምኑን ልተወው?»

«ሰው አለ።»

«ሰው ቢኖርስ? ሰው የማያውቀው ነገር ተናገርኩ?»

አጎቷ ግንበኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርብና ሲክብ ኖሮ ንግግሩም እንደ ሥራው ሆኗል፤ አንዴ ያስቀመጠውን ቃል መልሶ አያነሳም። እናታቸው ስታርፍ ሰፊዋ ሙያዋን ገና የጀመረች ወጣት፣ ወንድሟ ደግሞ የወተት ጥርሱ ያልወለቀ ሕፃን ነበር። ያኔ «እኔ እያለሁ ሜዳ ላይ አትቀሩም» ብሏቸው ነበር፤ እንዳለውም አልቀሩም። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽ አጥሮት ከንፈሩ የጠቆረ ዕለት ጀርባው ላይ አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰው እሱ ነው። ስለዚህ የመጠየቅ መብት አለው። ችግሩ መብቱን በየቀኑ፣ በየእንግዳው ፊት መጠቀሙ ነው።

ሰፊዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ መሬት መሬት አየች። የሲሚንቶው ወለል ላይ የወዳደቁ ክሮች ነበሩ። ለካ ከዚያን ቀን ወዲህ በደንብ አልተጠረገም።

ሰፈሩ ወንድሟን «መጋረጃ» ነበር የሚለው። ስሙ የወጣለት ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ነው። እኩዮቹ ውጭ ኳስ ሲራገጡ እሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ማየት ይሰለቸውና ይገባል፤ ከዚያ የእህቱን አንሶላ ከመስኮቱ ብረት እስከ አልጋው ራስጌ በገመድ ይወጥራል። አንሶላው መሃል ላይ ስለሚረግብ ሁልጊዜ የእሷን መርፌ ቁልፎች ይሰርቃል።

«እታለም፣ ቀና በይ፤ ሊከፈት ነው» ይላታል ከአንሶላው ጀርባ።

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሥራሽን እየሠራሽ ቀና በይ።»

ቀና ትላለች። አንሶላው ይገለጣል። ወንድሟ የደንበኛ ቀሚስ እንደ ካባ ደርቦ፣ የሽሮ ቀለም ያለው ግድግዳ ፊት ቆሞ ይዘፍናል። ድምፁ ለጉድ ነበር። የዛገ በር ሲከፈት የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። እሱም አይክደውም። «ድምፄን አትስሚው፤ ዘፈኑን ስሚው» ይላት ነበር።

ነገሩ የባሰበት ግን ትምህርት ቤቱ ልጆቹን በአውቶብስ ጭኖ ወደ ትልቁ ቲያትር ቤት የወሰዳቸው ዕለት ነው። ማታ ሲመለስ ራቱን አልነካም፤ አንድ ቃልም አልወጣው። ልቡ አስቸግሮት መስሏት እጇን ደረቱ ላይ አደረገች።

«አመመህ?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው የተዘጋኸው?»

«እታለም» አላት፣ «ሰዎቹ ሲያወሩ ሲያወሩ ቆዩና፣ ማውራቱ አልበቃ ሲላቸው ዘፈኑ።»

ከዚያ ወዲህ ሙዚቃዊ ቲያትር ከታየ መጋረጃ የሚገኘው እዚያ ነው። ሱሪ እያጠፈ፣ ቁልፍ እየተከለላት የትኬቱን ያወጣል። የእሱ አቅም የሚደርስበት መቀመጫ ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ ጣሪያው ሥር ነው። በደረጃው ጉዳይ ከእህቱ ጋር ብዙ ተጨቃጭቀዋል። መጨረሻ ላይ ተስማሙ፤ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ሊሄድ፣ በየመታጠፊያው ቁጭ ብሎ ሊያርፍ፣ ትንፋሹ ካጠረ ሳይከራከር ሊመለስ። ቃሉን ጠበቀ። ሲመለስ ስለ ደረጃው የሚነግራት ቀልድ አያጣም።

«ቁጭ ብዬ ሲያዩኝ እኮ ትኬት ቆራጭ እመስላቸዋለሁ» አላት አንድ ቀን። «ሰዉ እየመጣ ትኬቱን ይሰጠኛል።»

«አንተስ?»

«እቀበልና አይቼ እመልስላቸዋለሁ። ‹ወደ ላይ ነው፣ መልካም መዝናኛ› እላለሁ። ምን ላድርግ? ሥራ የሰጠኝ ሰው ላሳፍር?»

እሱን ስታስታውስ ከንፈሯ ዳር ሳቅ መሰል ነገር ሊመጣ ሲል አንዲት ሴት ጉልበቷን ነካ አደረገቻት። ተነሳች። ታቀፈች። «አሜን» አለች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞልቶ ሳለ አንድ ረዥም ሰው በሩ ላይ ቆመ። አንገቱ ቀጭን፣ ፊቱ ተላጭቶ የጠራ፣ ጃኬቱ ላይ የተቆረጠ ጸጉር ብናኝ ያለበት። ከሥራ በቀጥታ የመጣ ፀጉር አስተካካይ መሆኑ ያስታውቃል። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘና ማንን ማቀፍ እንዳለበት ስላላወቀ ለሁሉም በአንድ ላይ አንገቱን ሰበረ። ከዚያ በር ሥር ያለች ዱካ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ወደ አገጩ ደረሰ።

ዳቦ ሻጯ ቡና አቀበለችውና «በማን በኩል ነህ፣ ልጄ?» አለችው።

«የሟች ጓደኛ ነኝ።»

«ከትምህርት ቤት?»

«አይ፣ ከቲያትር ቤት።» ትንሽ አመነታ። «ምናልባት ነግሯችሁ ይሆናል። ሦስተኛው ወታደር ነኝ።»

ጥግ ላይ የተቀመጡት አዛውንት ጡረተኛ ወታደር ናቸው፤ ጆሯቸው የሚሰማው የፈለገውን ብቻ ነው። «ወታደር ነው?» ብለው ቀና አሉ። «ከየትኛው ክፍል ነህ፣ አንተ ልጅ?»

«ሁለተኛው ክፍል ላይ ነኝ» አለ ሰውዬው፣ «እዚያ ላይ ነው የምሞተው።»

አዛውንቱ ይህን እንዴት እንደሚቀበሉት ግራ ገብቷቸው ዙሪያቸውን አዩ። አንዲት ልጅ ነጠላ ሳቅ አመለጣትና አፏን ያዘች። ሰፊዋ ግን አንገቷን ቀና አደረገች። በነዚህ ቀናት ውስጥ የገባውን ሰው ፊት ብላ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

ስለዚህ ሰው ዓመት ሙሉ ስትሰማ ኖራለች።

ወንድሟ አንድ ጊዜ ለምኖ፣ አስለምኖ አብራው እንድትሄድ አድርጓት ነበር። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ነው፤ ለሰፊ ከዚያ የከፋ ወቅት የለም። መብራቱ ሲጠፋ እሷም ጠፋች። የነቃችው ሰዉ ቆሞ ሲያጨበጭብ ነው፤ አገጯ ላይ ምራቅ ነበር። ወንድሟ አልተቀየመም። ወደ ቤት ሲሄዱ መንገዱን ሙሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት። ከተማዋ በጠላት ተከባለች፤ ንጉሡ ለመድፍ የሚሆን ነሐስ ስላጣ ትልቁን ደወል አቅልጡት ይላል፤ የደወል ሠሪው ልጅ እምቢ ብላ ደወሉ ሥር ትቀመጣለች። ንጉሡንም፣ ልጅቷንም፣ ደወሉንም እሱ ሆነ። ትንፋሽ ሲያጥረው የመብራት ምሰሶ ይደገፍና «እዚህ ላይ እረፍት ነው» ይላል፤ ልክ ቲያትሩ ራሱ እረፍት ያለው ይመስል። ሲሻለው ይቀጥላል።

«የከተማዋን በር የሚጠብቁ ሦስት ወታደሮች አሉ» አላት። «ሦስተኛውን አይተሽዋል?»

«ተኝቼ ነበርኮ።»

«አውቃለሁ፤ ትከሻዬ ላይ ነው የተኛሽው። ሦስተኛው አንድ ቃል አይናገርም። ለብቻው የሚዘፍነው ነገርም የለውም። ሰው ሁሉ ልጅቷን ነው የሚያየው። እሱ ግን ከኋላ፣ ጨለማው ውስጥ ቆሞ፣ ሁሉንም ዘፈን ከልቡ ይዘፍናል። ማንም አያየውም፤ ግን ይዘፍናል።»

«አንተ ካየኸው ማንም አላየውም አይባልም።»

ቆም ብሎ አያት፤ ትንፋሽ አላጠረውም፣ እንዲሁ ነው የቆመው። «እሱን ልነግረው ይገባል» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ቲያትር ቤቱ የኋላ በር ላይ ጠብቆ ነገረው። እንዲህ ነው የተዋወቁት።

አሁን ሦስተኛው ወታደር ዱካ ላይ ተቀምጦ ቡናውን ሳይጠጣ ይዞታል። አጎቷ የራሱን ስኒ ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ከቲያትር ቤቱ ነኝ ነው ያልከው?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ያ ሁሉ ደረጃ ካለበት።»

«አዎ።»

«ልጁ ሲወድቅ ታዲያ የት ነበራችሁ?»

ሰውዬው ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። የተሰደበ አልመሰለም፤ ይህን ጥያቄ እየጠበቀ የመጣ ነው የሚመስለው።

«ልብስ ለብሼ ከመድረኩ ጀርባ ነበርኩ» አለ። «ሊጀመር ጥቂት ነው የቀረው። ‹ደረጃ ላይ የሚቀመጠው ልጅ ወደቀ› ሲሉ ሰማሁ። ሁላችንም እናውቀዋለን። ሮጬ ወጣሁ። ከመጨረሻው መታጠፊያ በታች ነበር፤ ግድግዳው ላይ መብራት ካለበት። ተሸከምኩት። ቀላል ነበር።» አቆመ። «በጣም ቀላል ነበር።»

ሰፊዋ ያን ጊዜ አስታወሰች። የሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ቀይ ኮት ከወርቃማ ቁልፍ ጋር የለበሰ ሰው ቆሞ ነበር። ጠርተዋት፣ እየበረረች ደርሳ፣ የሚሏትን ሳትሰማ አጠገቡ አልፋለች። በኋላ ላይ አእምሮዋ የፈጠረው መስሏት ለማንም አልተናገረችም።

«እጅጌው አጭር ነበር» አለች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«የኮቱ» አለች ድምጿን ጠርጋ፣ «የቀዩ ኮት እጅጌ። አጭር ነበር።»

«ለሌላ ሰው የተሰፋ ነው» አለ ሦስተኛው ወታደር። «ያን ቀን ሳልቀይር ነው የወጣሁት። ታክሲ ውስጥ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ግን ይቆጣኛል። ‹ሊጀመር ነው፣ ተመለስ› ይለኛል። እኔ ባልኖርም ይጀመራል አልኩት። ‹ያለ ሦስተኛ ወታደር በሩን ማን ይጠብቃል?› አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያን ቀን ሁለት ሆነው ነው የጠበቁት።»

«ከዚያስ?» አለ አጎቷ። ድምፁ ቀንሷል።

«ከዚያማ የሐኪም ቤቱ በር ላይ ዘበኛው አስቆመን። ‹መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው› አለ። ለካ ጎራዴዬን አልፈታሁም። የእንጨት ነው፣ ብርማ ቀለም የተቀባ። ልጁን በሁለት እጄ ታቅፌ፣ ጎራዴው ወገቤ ላይ እየተወዛወዘ፣ ‹ወንድሜ፣ እንጨት ነው› እያልኩ እምላለሁ። ልጁ ይሄን ሲሰማ መሳቅ ጀመረ። ድምፅ የለውም፤ ሆዱ ነው የሚስቀው። ‹አታስገባው፣ አደገኛ ነው› አለው ለዘበኛው። ዘበኛውም ሳቀና በሩን ከፈተልን።» ቡናውን አሁን አንዴ ተጎነጨ። «ሐኪሞቹ ከእጄ ሲቀበሉት ፊቱ ላይ ሳቁ ነበር። ይሄን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። ሌላ የማውቀው የለም።»

አጎቷ አንገቱን ደፋ። ሰፊው ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «አጽናኑት እንጂ» አሉ አዛውንቱ። ሰፊዋ ግን ዝቅ ብላ ተቀምጣ ስለነበር ፊቱን ከሥር ታየዋለች። አጎቷ እየሳቀ ነበር። እንባው በአፍንጫው ዳር እየወረደ፣ ጥርሱን ነክሶ ለማቆም እየታገለ፣ እየሳቀ ነበር። «አደገኛ ነው አለ» ይላል ለራሱ፤ «አደገኛ ነው።»

ሁሉም እስኪረጋጋ ጠበቀች። ከዚያ ሳትነሳ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ተናገረች።

«እኔ ነኝ የፈቀድኩለት፣ ጋሼ።»

አጎቷ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

«በየቀኑ ስትጠይቅ መልስ ያጣሁ እንዳይመስልህ። ደክሞኝ ነው። እኔ ነኝ። ባልፈቅድለት ኖሮ ምናልባት ዛሬ ይኖር ነበር። እዚያች ዱካ ላይ፣ ይሄ ሰው የተቀመጠባት ላይ ተቀምጦ የሰው ልጅ ኳስ ሲጫወት እያየ ይኖር ነበር። አንተ ይሄን ትፈቅድለት ነበር?»

ዳቦ ሻጯ ፔርሙዙን አነሳች፤ ባዶ ነበር፤ ቢሆንም ይዛው ቆመች። አጎቷ ሰውዬውን አየው።

«ደረጃውን አሳየኝ» አለው።

«ደረጃውን?»

«ግንበኛ ነኝ። የገደለውን ደረጃ ማየት እፈልጋለሁ።»

«እሁድ ከሰዓት በኋላ ኑ» አለ ሦስተኛው ወታደር። «የመጨረሻው ትርኢት ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ ይገባል።»

እሁድ ገና ሰዎች ምሳቸውን ሳይጨርሱ ሰፊዋ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ፊቷን ታጠበች። ወሬው ቀድሟት ወጥቷል። ስለ ቤት ኪራይ ሲያወሩ የነበሩት ሴቶች ደጃፉ ላይ «የወንድሟ አፈር ሳይደርቅ ቲያትር?» «አጎትየውም እኮ አብሮ ነው አሉ» ሲባባሉ ትሰማለች። ቀድሞ ቢሆን እግሯ ይተሳሰር ነበር። አሁን ለሐሜት የሚሆን ጉልበትም አልቀረላትም።

ዳቦ ሻጯ የበሩን መጋረጃ ገልጣ አስወጣቻቸው። «ሂዱ» አለች። «ለሚመጣው ሰው ቡና እሰጣለሁ። ለሚያማው ደግሞ ዳቦ አለኝ፤ አፉ ሲሞላ ዝም ይላል።»

በእግራቸው ሄዱ። አጎቷ የሥራ ጫማውን ወልውሎ ነው ያደረገው፤ ሌላ የለውም። እሷ በየመብራት ምሰሶው ስታልፍ ወንድሟ የቱ ጋ እረፍት እንዳደረገ ታውቃለች፤ ለአጎቷ ግን አልነገረችውም።

ቲያትር ቤቱ ገና ባዶ ነበር። አጎቷ የደረጃው ግርጌ ላይ ቆሞ ወደ ላይ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ መውጣት ጀመረ። በየእርከኑ እግሩን እያሻሸ ይፈትናል፣ ዳሩን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፣ አንዳንዱ ላይ ጎንበስ ብሎ መጋጠሚያውን ያያል። ሰፊዋ ከኋላው ትከተላለች። የሚፈልገውን አወቀች። የተዛነፈ ድንጋይ ይፈልጋል፤ ከፍታው ያልተስተካከለ አንድ እርከን፣ የተሰነጠቀ፣ የሚያንሸራትት፣ የሠራውን ሰው ሊረግምበት የሚችል አንድ ነገር። በየመታጠፊያው ቆም ይላል። እሷም ትንፋሿን ትሰበስባለች። የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ።

«ደህና ሥራ ነው» አለ። ድምፁ የተሸነፈ ሰው ድምፅ ነበር። «የሠራው ሰው እጁ ጥሩ ነው። እኔም ብሠራው ከዚህ የተሻለ አላደርገውም።»

«ገባህ፣ ጋሼ?»

«ምኑ?»

«ምንም። እንግባ።»

ቦታቸው ጣሪያው ሥር ነበር። ከዚያ ላይ መድረኩ የክብሪት ቀፎ ያክላል። ሰዉ ቀስ በቀስ ሞላ። ጥቁር መልበሳቸውን ያዩ ሰዎች ጉልበታቸውን ሰብሰብ እያደረጉ አሳለፏቸው። መብራቱ ሲጠፋ አጎቷ ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ፤ አውቶብስ ሊነሳ ሲል እንደሚያደርገው።

ሰፊዋ ልጅቷን አላየችም፤ ንጉሡንም አላየችም። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ጨለማው ውስጥ የቆመውን ቀጭን ሰው ብቻ ነው ያየችው። እጅጌው አሁንም አጭር ነው። አፉ ግን አያርፍም። ንጉሡ ሲዘፍን ይዘፍናል፣ ልጅቷ ስትዘፍን ይዘፍናል፣ ሰዉ ሁሉ ሲያለቅስ እሱ ይዘፍናል። ከዚያ ርቀት የእሱን ድምፅ ከሌላው መለየት አይቻልም። ከየትኛው ዘፈን ላይ እንደሆነ ሳታውቅ የእሷም ከንፈር ይንቀሳቀስ ጀመር። ቃሉን አታውቀውም። የምታውቀው ዜማውን ነው፤ ለካ ወንድሟ ቁልፍ ሲተክል በዚያ በዛገ ድምፁ ሲለው የኖረው ይሄንኑ ነው። እሱ ሲለው ዜማ መሆኑ አይታወቅም ነበር።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ጠላት በሩን ሰበረ። ሦስቱም ወታደሮች ወደቁ። ሦስተኛው ከሁሉም ዘግይቶ ወደቀ፤ ቀስ ብሎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራተተና ቁጭ እንዳለ ሞተ። አጎቷ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። አየችው። ዓይኑን አልጨፈነም።

መጨረሻ ላይ ደወሉ ተደወለ፤ መጋረጃው ወረደ። ሰዉ ተነሳ። አጎቷ «አለቀ?» ብሎ እሱም ሊነሳ ሲል መጋረጃው እንደገና ተገለጠ። ሁሉም እዚያው ነበሩ። ንጉሡም፣ ልጅቷም፣ ከበባው ላይ የሞቱት ሴቶችም፣ ሦስቱ ወታደሮችም አቧራቸውን እያራገፉ ከወደቁበት ተነሱ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ፊት መጡ።

አጎቷ በሕይወቱ ቲያትር አይቶ አያውቅም። ክንዷን ያዘ። «ተነሱ እኮ» አላት።

«አዎ።»

«የሞቱትም?»

«የሞቱትም፣ ጋሼ።»

ተሰልፈው እጅ ነሱ። ሦስተኛው ወታደር ከሁሉም ዳር፣ ብርሃኑ በማይደርስበት በኩል ነበር። ቀና ሲል ወደ ጣሪያው ሥር ተመለከተ። እጁን አላውለበለበም። አየ ብቻ። ከዚያ ከሌሎቹ ጋር እንደገና ጎንበስ አለ። ሰፊዋ አላጨበጨበችም፤ እጇን የያዘው አጎቷ አልለቀቃትም ነበር።

ሲወጡ ደረጃው በሰው ተጥለቀለቀ። ሰዉ እየሳቀ፣ እያዜመ፣ ልጆቹን እየጎተተ ይወርዳል። ከላይኛው መታጠፊያ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ መብራት ካለበት፣ አጎቷ ቆመ። ከኋላ የሚወርዱት ገፉት፤ አልተነቃነቀም። ዞረውት አለፉ።

ጎንበስ አለ። የአንዱን እርከን አቧራ በመዳፉ ጠረገው፤ አዲስ ድንጋይ ሊያሳርፍ ሲል እንደሚጠርገው፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ቀስ ብሎ፣ ጥጉ ድረስ። መዳፉን ሱሪው ላይ አብሶ ወደ እሷ ቀና አለ።

«ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ» አላት። «ደክሞሻል።»